ለወፍ የተገዛ መነጽር

ባለፈው የገበያ ቀን ውጫሌ ላይ አንድ ነጋዴ አዲስ ቦት ጫማ ከላስቲክ ሲያወጣ የጎማ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ሰው ሁሉ እህሉን ለመሸፈን ሲሯሯጥ እኔ እዚያው ተገትሬ ቀረሁ። ነጋዴው "ቁጥርህ ስንት ነው?" አለኝ። ሽታው የጫማ አልሆነልኝም። ሐይቅ ዳር ላይ ጓደኛዬ አፍንጫዬ ሥር ያስጠጋው የሩቅ ማያ መነጽር ሽታ ነበር። "እስቲ አሽትተው፣ የመኪና ጎማ አይልም?" ያለኝ ድምፁ ሳይቀር መጣ።

ስለ እሱ ልንገርህ። ያደግነው ሐይቅ ከተማ፣ ውሃው አጠገብ ነው። ቤታችንን የሚለየው አንድ አጥር ነበር። አባቱ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ እናቱ ገበያ ላይ ሽንኩርትና በርበሬ ይሸጣሉ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሁለታችንንም ጣለን። እኔ ግጥም እየሞከርኩ ቀኔን ሳባክን እሱ ከአባቱ ጋር ታንኳ ላይ ይውል ነበር። እጁ መረብ ይስባል፣ ዓይኑ ግን ወፍ ላይ ነው። የትኛዋ ወፍ የትኛው ሸምበቆ ውስጥ እንደምታድር ያውቅ ነበር። አባቱ "ይሄ ልጅ አንድ ቀን ዓሣውን ለወፎቹ አስረክቦ ባዶ እጁን ይመጣል" እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

በዚያን ጊዜ ከሰፈራችን ወጣት ብዙው ሄዶ ነበር። በባቲ አድርገው፣ በረሃውን በእግር አቋርጠው፣ ባሕሩን በጀልባ ተሻግረው ወደ ሳዑዲ። የደረሰ ይደውላል። ያልደረሰ አይደውልም። ሰው የሚያሻግረው ደላላ ጓደኛዬንም አነጋግሮት ነበር። እናቱ ይህን ከሰሙ በኋላ እንቅልፍ አጡ፤ ትንሽ ከዘገየ እኛ ቤት መጥተው "እናንተ ዘንድ ነው?" ይሉ ነበር።

የመነጽሩ ነገር የተነሳው ያኔ ነው። ወደ ላሊበላ እንግዶች የሚያመላልስ አንድ የአስጎብኚ ሹፌር አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ይዞ ሐይቃችን ዳር ቆመ። ሰውየው የመጣው ወፍ ለማየት ነበር። ጓደኛዬ በአባቱ ታንኳ ይዞት ዞረ፤ እኔም ቀዘፍኩ። በመሐል ሰውየው የራሱን አቅራቢ መነጽር ከአንገቱ አውልቆ ሰጠው። ጓደኛዬ ግራር ላይ የተቀመጠውን ዓሣ አዳኝ ንስር አየበት። "አላህ!" አለ። መነጽሩን ከዓይኑ ሳያወርድ፣ "ጥፍሩ ላይ የዓሣ ቅርፊት ተጣብቋል፤ ቅርፊቱ ያበራል" አለኝ። "እስከ ዛሬ ወፍ አይቼ አላውቅም ማለት ነው።"

ሊሄዱ ሲሉ ሹፌሩ ትከሻውን ያዝ አደረገው። "አንተ ልጅ፣ የራስህ መነጽር ቢኖርህ እኮ ባለፍኩ ቁጥር እንግዶቼን እዚህ አሳድራቸው ነበር። ለሌሎቹም ሹፌሮች እነግርልሃለሁ።"

የዚያን ዕለት ጓደኛዬ ለእናቱ ቃል ገባ። "እማ፣ መነጽር ካገኘሁ የትም አልሄድም። ወላሂ።" እናቱ መነጽሩ ምን እንደሚሠራ በቅጡ አልገባቸውም። ግን ከዚያ ወዲያ ሰግደው ሲጨርሱ እጃቸውን ዘርግተው የሚለምኑት እሱን ሆነ። "ያረቢ፣ ያን መነጽር!" ሲሉ በአጥሩ ማዶ ሰምቼአቸዋለሁ።

ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ ታላቅ እህት ነበረችው። እሷም የሄደችው በዚያው በበረሃው መንገድ ነው፤ ስለ መንገዱ ጠይቀናት አናውቅም፣ እሷም ነግራን አታውቅም። አርብ አርብ ትደውላለች። መነጽር ስንላት መጀመሪያ ሳቀች።

"ለወፍ? ወፏ ትበላለች እንዴ? ዶሮ ግዙ፣ ዶሮ ያለ መነጽር ትታያለች!"

እሱ የሹፌሩን ነገር ነገራት። ቀጥሎም የደላላውን። ሳቋ ቆመ። "አብሽር፣ እገዛልሃለሁ" አለችው። "የእኔን መንገድ ብቻ እንዳታያት።"

መምረጡ ብዙ አርቦችን ወሰደብን። እሷ አሠሪዋን አስፈቅዳ ሱቅ ትገባና ፎቶ ትልካለች፤ እኛ ኔትወርክ ፍለጋ ከከተማው በላይ ካለው ኮረብታ ወጥተን አንድ ስልክ ላይ ሁለት ራስ እንደፋለን። መጀመሪያ የላከችው ክንድ የሚያህል ነበር። መስታወቱ ቀይ ነው፤ ጎኑ ላይ ሃምሳ ጊዜ ያቀርባል የሚል ተጽፎበታል፤ ዋጋውም ርካሽ። የእኔ ልብ እዚያው ቀረ። ጓደኛዬ ግን ራሱን ነቀነቀ። ፈረንጁ ነግሮታል፤ በጣም የሚያቀርብ መነጽር የእጅንም መንቀጥቀጥ ያቀርባል፤ ታንኳ ላይ ሆነህ የምታይበት ነውጡን ብቻ ነው። ስምንት ጊዜ የሚያቀርብ ይበቃል። የፊቱ መስታወት ሰፋ ይበል እንጂ፣ ጎህ ሲቀድ ያለችውን ትንሽ ብርሃን እንዲሰበስብ።

"ሃምሳ እያለ ስምንት?" ጮኸች እህቱ። "አንተ ልጅ፣ በላቤ ትጫወታለህ?"

"ውሃ ያስገባል ወይ በይው። ዋናው እሱ ነው።"

ከሻጩ ጋር በዓረብኛ ብዙ ተባባሉ። "ዝናብ ይችላል ይላል።"

"ዝናብ አላልኩም! ሐይቅ ውስጥ ቢወድቅስ በይው።"

"ለምን ሐይቅ ውስጥ ይጥለዋል እያለህ ነው ሰውየው።"

ሦስታችንም ሳቅን። ሻጩም ሲስቅ በስልኩ ተሰማን።

እንዲህ እንዲህ እያልን ልዩነቱን ተማርን። ካፊያ የሚችል አለ፤ ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚወጣ ደግሞ ሌላ ነው። ሁለተኛው መጋጠሚያው ሁሉ በጎማ ተደፍኖ ውስጡ ጋዝ ይሞላል፤ ከሙቀት ወደ ብርድ ሲወጣ መስታወቱ ከውስጥ ጉም አይለብስም። የእኛ ሐይቅ በክረምት ጠዋት ራሱ ጉም ነው። ጉም የያዘ መነጽር ይዘህ ጉም ውስጥ ምን ታያለህ? በመጨረሻ ስምንት ጊዜ የሚያቀርብ፣ ውሃ የማያስገባ፣ ጋዝ ያለው አገኘች። ጥቁሩ ከአቅሟ በላይ ነበር። ያው መነጽር፣ ቅጠልና አፈር የመሰለ ዥጉርጉር ቀለም ያለው ግን ቅናሽ ወጥቶበታል።

"በዚህ ቀለም ወፎቹ አያዩህም ይላል" አለችው።

"ቀለም አልበላ! ግዢው በቃ።"

እኔም አጨበጨብኩ። ስለ ውሃ ያልጠየቅነው ነገር አልነበረም። ስለ ቀለም ማናችንም አላሰብንም፤ ያኔ አገር ሰላም ነበር።

መነጽሩ ወደ አገሯ በተመለሰች የጎረቤት ልጅ ሻንጣ ውስጥ፣ በሕፃን ልብስ ተጠቅልሎ መጣ። ሽቶና ጎማ ይሸት ነበር። አባቱ ተቀብለው አገላበጡት።

"ውሃ አያስገባም ነው ያላችሁኝ?"

"አዎ አባ።"

"እሺ፣ ሐይቁን እንጠይቀዋ።"

እሳቸው አዲስ ዕቃ ሁሉ የሚፈትኑት እንደዚያ ነበር፤ ገመድም ይሁን ጀሪካን መጀመሪያ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። በታንኳቸው ወጣ ብለን ማንገቻውን ከመረቡ ገመድ ጋር ቋጠሩና "ቢስሚላህ" ብለው ለቀቁት። ጥቂት አረፋ ወጣ። ጓደኛዬ ፊቱ አመድ መሰለ። "አባ፣ ይበቃል!" ይላል። "ቆይ እንጂ፣ ገና ዓሣዎቹ እንኳ አላዩት" ይላሉ አባቱ። ገመዱን ሲስቡ መነጽሩ ውሃ እያንጠባጠበ ወጣ። ጓደኛዬ በሸሚዙ ጠርጎ ዓይኑ ላይ አደረገው።

"ጥርት! ጥርት ብሏል አባ!"

አባቱ ተቀብለው ወደ ቤታቸው አቅጣጫ አዩበት። "ውይ፣ እናትህ ዶሮ እያባረረች ነው" አሉ፤ በሳቅ ታንኳው ተወዛወዘ።

ያን ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ አየበት። ውሃው ማዶ ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባበትም፤ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ከሩቅ ነው የተሳለመችው። ጓደኛዬ መነጽሩን አስተካክሎ አስያዛትና ወደ ገዳሙ አዞራት። ብዙ አየች። አንድ መነኩሴ ልብሳቸውን አጥበው እያሰጡ ነበር። "እነሱም ልብስ ያጥባሉ?" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓደኛዬን "የኔ ዓይን" ነበር የምትለው።

ሹፌሩም ቃሉን ጠበቀ፤ እንግዶች ያመጣ ጀመር። ጓደኛዬ ደላላውን መንገድ ላይ ሲያገኘው ሰላም ብሎት ብቻ ያልፈዋል። እናቱም እንቅልፋቸው ተመለሰ።

ከዚያ ጦርነት መጣ። አለፈ ሲባል ሌላ መጣ። እኛ ዘንድ የሆነውን አንተም ታውቀዋለህ። መንገዱ ባዶ ሆነ። ሹፌሩ መጀመሪያ "መንገድ ሲከፈት" ይል ነበር፤ በኋላ መኪናውን ሸጠ። ጓደኛዬ ግን ጠዋት ጠዋት መነጽሩን አንግቶ ኮረብታው ላይ መውጣቱን አልተወም። "እንግዶቹ ሲመለሱ ወፎቹ የት እንዳሉ ይጥፋኝ?" ይለኛል።

አንድ ረፋድ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች እዚያው አገኙት። እኔ ከታች መንገዱ ላይ ነበርኩ፤ ይታዩኛል፣ ድምፃቸውም ይሰማኛል።

"ምን ታያለህ?"

"ወፍ።"

"ወፍ!" ሳቁ። "ይሄ የወታደር መነጽር ነው። ለማን ነው የምታይለት?"

"ለራሴ። እህቴ ናት የላከችልኝ። ውሃ አያስገባም፣ ውስጡ ጋዝ አለው..." እያለ ሊያስረዳቸው ሞከረ። ሌላ ምን ይበል? ስለ መነጽሩ የሚያውቀውን ነበር የሚናገረው። አንደኛው ዥጉርጉሩን ቀለም በጣቱ እየነካ "ይሄስ? ይሄም ለወፍ ነው?" አለው። ይዘውት ሄዱ።

በእኛ አገር ልጅ ሲያዝ ሼሁም ቄሱም አብረው ነው የሚሄዱት። በማግሥቱ ጎን ለጎን ሄደው ስለ እሱ ቆሙ። "ይሄ ልጅ ወፍ ነው የሚያይ። እብድ በሉት፣ እንስማማለን፤ ሌላ ነገር ግን የለበትም" ብለው አስለቀቁት። መነጽሩም ተመለሰለት። ምነው ባልተመለሰ እላለሁ አሁን። ቢወስዱት ኖሮ አንድ ቀን አዝነን በወጣልን።

አጥማጆቹ "እሱን ይዘህ እኛ አጠገብ አትቅዘፍ" አሉት። እንጨት የሚለቅሙ ሴቶች ኮረብታው ላይ ሲያዩት መንገድ ይቀይራሉ። እናቱ ራሳቸው፣ ያን መነጽር ሲለምኑ የከረሙት፣ "ልጄ፣ ከቤቴ አውጣልኝ" አሉት። እሱ ግን ገና አልተወውም። ባጃጅ ከሚጠግን ልጅ አሮጌ የጎማ ካላማዳሪያ ለምኖ በስሱ ቆርጦ ዥጉርጉሩን ሁሉ ሸፈነው። ሙሉ በሙሉ ጥቁር ሆነ። አንገቱ ላይ አድርጎት ሻይ ቤት ገባን። ሻይ የምትቀዳዋ ሴት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ወንድሜ፣ እሱን ውጭ አስቀምጠህ ግባ" አለችው፤ መሣሪያ ለያዘ ሰው እንደሚባለው። ሳይቀመጥ ወጣ።

ለካ ቀለሙን መሸፈን አይበቃም። ከሩቅ ማየት ራሱ የሚያስፈራ ነገር ሆኖ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ከደላላው ጋር ቆሞ አየሁት። "ትንሽ ታገሥ፣ ይሻላል" አልኩት።

"መቼ?" አለኝ።

ሁለታችንም ውሃውን አየን።

ደላላው መነጽሩን ከመንገዱ ዋጋ ላይ ቆጥሮ ተቀበለው። አጠገባቸው ነበርኩ። "ባሕሩ ዳር፣ ጀልባዎቹ ጋ ይፈለጋል" አለ፣ እያገላበጠ። "ውሃ አያስገባም አይደል?"

"አያስገባም" አለ ጓደኛዬ። በዚያ ሁሉ መሐል እንኳ በመነጽሩ ኮርቶ ነበር።

ጎህ ሳይቀድ ሄደ። ከባሕሩ ዳር አንድ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ነፋስ አለበት። "ደርሰናል፣ ነገ እንሻገራለን" ይላል። "እዚህ ረጃጅም፣ ሮዝ የሆኑ ወፎች አሉ። ብዙ ናቸው። በባዶ ዓይኔ ነው የማያቸው።" ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም።

እህቱ አሁንም አርብ አርብ ትደውላለች፣ ለእኔ። መጀመሪያ ሰሞን "የሰማኸው አለ?" ትለኝ ነበር። ያን መጠየቅ ትታለች። "ወፎቹስ?" ትለኛለች አሁን። እኔ ከወፍ ጋር ትውውቅ አልነበረኝም። የምነግራት እንዳላጣ ብዬ አሁን ከምኖርበት ከውጫሌ ወደ ሐይቅ እየወረድኩ ሸምበቆው ዳር መቀመጥ ለመድኩ። ባለፈው አርብ ምን አየህ አለችኝ። አንዲት ባለ ጉትያ ጠላቂ ወፍ አየሁ አልኳት፤ ጫጩቶቿን ጀርባዋ ላይ ይዛ ትዋኛለች፤ ከላባዋ መሐል ራሳቸው ብቻ ብቅ ይላል።

"አዝላ?" አለች።

"አዝላ።"

እናታቸው ገበያ ሲውሉ እሱን አዝላ ያሳደገችው እሷ ነበረች፤ ያኔ ራሷም ልጅ ስለነበረች እግሩ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረውም ነበር ይባላል። ከኋላዋ የሰው ቤት ሕፃን ያለቅስ ነበር፤ አንዲት ሴት በዓረብኛ ጠራቻት።

"መጣሁ" አለች፣ በአማርኛ።

ሕፃኑ ማልቀሱን አላቆመም። እሷም ስልኩን አልዘጋችውም።