ሽማግሌው የደፉት ውሃ

ያሳሰረኝ «ትናንት ምን በላህ?» የሚል ጥያቄ ነው። በንጉሡ ዘመን የጤና ረዳት ነበርኩ። ሐኪማችን የስኳር ሕመምተኞች ምን እንደሚበሉ፣ እንዴት እንደሚውሉ፣ ማን ተሽሎት ማን እንደሚብስበት ለማወቅ ጥናት ጀምሮ ነበር፤ እኔ በይርጋጨፌ ዙሪያ ከቤት ቤት እየዞርኩ እጠይቅለታለሁ። ይህን አንድ ባለመሬት ሰማና ከሰሰኝ። ፖሊሶች ዲላ ሲያመጡኝ መርማሪው፣ «ጭሰኛን ምን በላህ ብሎ መጠየቅ፣ ተርበሃል ተነሥ ማለት አይደለም?» አለኝ። ከጠየቅኋቸው ብዙዎቹ እውነትም ተርበው ነበር።

ያስገቡኝ ክፍል መስኮት አልነበረውም። ጥጉ ላይ የሽንት ባልዲ አለ፤ እዚያ ለመድረስ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ እግር መሻገር ያስፈልጋል። ስኳር እኔም ራሴ ነበረብኝ። ኪኒኔን ሲፈትሹኝ ወስደውታል። ጉሮሮዬ ይደርቃል፣ የተሰጠኝን ውሃ እጨርሳለሁ፣ ወዲያው ወደ ባልዲው እነሣለሁ። «ኧረ ይሄ ሰውዬ ምንጭ ነው እንዴ!» አለ አንዱ። ሳቁ። ከዚያ በኋላ ሽንቴን መያዝ ጀመርኩ። ሕመምተኞቼን «አያሳፍርም፣ ለሰው ንገሩ» እያልኩ ስመክር የኖርኩት እኔ፣ በሽታዬን ከታሳሪዎቹ ለአንዳቸውም አልተናገርኩም።

በማግስቱ ቀትር ላይ የጣሪያው ቆርቆሮ ሲግል ግድግዳውን ተደግፌ አሸለበኝ። ስነቃ ሱሪዬ ሞቆ ነበር። እርጥበቱ በሲሚንቶው ላይ ወደ ጎረቤቴ እየሄደ ነው። ጎረቤቴ አንድ የጌዴኦ ሽማግሌ ናቸው፤ ለባለመሬቱ ቡና አልሰጥም ብለው የታሰሩ። እርጥበቱን አዩ፤ እኔንም አዩ። ለቀኑ ያስቀመጡትን አንድ ጣሳ ውሃ አንሥተው ጭኔ ላይ ገለበጡት።

«ውይ! ይቅር በለኝ ልጄ፣ እጄ አትረባም፣ ትንቀጠቀጣለች» አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው።

ጠባቂው በሩን ከፈተ። «ማነው ውሃ የሚደፋው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«እንግዲያው እስከ ነገ ውሃ የለህም።»

ሽማግሌው ጎንበስ አሉ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ነበር። እኔ ዝም ብል ጉዳዩ እዚያው ያልቃል፤ ሁሉም አምኗል። ተነሣሁ። ሱሪዬ ከእግሬ ጋር ተጣብቋል።

«እሳቸው ለእኔ ብለው ነው የደፉት። ሱሪዬ ላይ ሸንቼ ነው። የስኳር በሽታ አለብኝ።»

ማንም አልሳቀም። ጠባቂው ሱሪዬን አየና ዓይኑን መለሰ፤ በሩን ዘግቶ ሄደ። ገና ያልጨረስኩትን የእኔን የውሃ ጣሳ ለሽማግሌው አቀበልኳቸው።

«ለምን ትናገራለህ? ደብቄልህ ነበር እኮ» አሉኝ በቀስታ፣ እንደ ተቀየሙ።

«ይጠጡ፣ አባባ።»

ግማሹን ጠጥተው ግማሹን መለሱልኝ። «ምንጭ» ያለኝ ሰውዬ ባልዲውን አንሥቶ አጠገቤ አኖረው፤ እንዳላፍርም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የቀሩትም አንድ በአንድ ወደ ግድግዳው ዞሩልኝ።

ሐኪሙ ተሟግቶ አስፈታኝ። ሽማግሌው እዚያው ቀሩ፤ ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። አሁን አርጅቻለሁ፤ ስለ በሽታዬ ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ። የዚያን ቀን ነገር ግን ለልጆቼ እንኳ አውርቼ አላውቅም፤ ዛሬም ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል። ሰው ለማያውቀው ሰው እፍረት ብሎ እንዲያ ይጠማል? እሳቸው ተጠምተዋል።