አስተርጓሚው አባት

ከመስከረም ጀምሮ ክፍል ውስጥ ትንፍሽ ያላለችው ተማሪዬ ዛሬ ተናገረች። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ግን ሌላ ነገር ጻፈች።

ተማሪዬ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። እናቷ አረብ አገር ከሄደች ወዲህ ነው ዝም ያለችው። "የልጆች ሥነ ልቦና ባለሙያ ሰቆጣ መጣች" ሲባል ደስ ብሎኝ ይዣት ሄድኩ።

ባለሙያዋ የአገሬውን ቋንቋ፣ ኽምጣናን፣ አትችልም። ልጅቷ ደግሞ በአማርኛ ትማራለች እንጂ የሆዷን አታወራበትም። "እንግዲያው አባቷ ያስተርጉሙ" ተባለና አባትየው መሃል ተቀመጡ።

"ምንድን ነው የምትፈሪው?" ስትባል ልጅቷ መሬት መሬት እያየች በኽምጣና "አባቴን" አለች።

አባትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ጅብ እፈራለሁ ነው የምትለው" አሉ።

ባለሙያዋም "ጅብ" ብላ ጻፈች! ያውም በሚያምር የእጅ ጽሑፍ።

እኔ ኽምጣና አፌን የፈታሁበት ነው። "ኧረ እንደሱ አላለችም!" ብዬ ተነሳሁ። ባለሙያዋ "መምህር፣ እባክዎ የቤተሰብ ምክክር አይረብሹ" ብላ በሩን አሳየችኝ። ሥልጠና የወሰደችው ለዚህ ነው? ሰቆጣ ውስጥ ኽምጣና የምትችል አንዲት ሴት ከጎረቤት መጥራት እንዴት ያቅታል?

እሷን ብቻ እንዳልሰድብ ግን አንድ ነገር ይይዘኛል። አባትየውን ቤታቸው ድረስ ሄጄ "ይምጡ፣ ያስፈልጋሉ" ብዬ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ።

ልጅቷ ስትወጣ አየችኝ። እንደገና ዝም ብላለች። ነገ ጠዋት እንድታስተረጉምላት አክስቷን ይዤ እመለሳለሁ፤ ባለሙያዋ በሩን ለማን እንደምታሳይ እናያለን።

እናንተስ? ልጅ ሳላችሁ የተናገራችሁትን ማን ለውጦ ነገረላችሁ? እዚህ ጻፉልኝ፤ ዛሬ እንኳ በራሳችሁ አንደበት።