ያልሞተ ንጉሥ ለቅሶ

እትዬ አልታየሽ ከሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ የጽዳት ሥራ ጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ አርችዌይ ሰፈር ያለውን ፍላታቸውን የሚያንኳኳ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፤ ጎረቤታቸው ዴኪ። ዴኪ ከቡታን፣ በሂማላያ ተራሮች መሀል ካለች ትንሽ የንጉሥ አገር የመጣች ነርስ ናት። በእንግሊዝኛ አክስቴ ለማለት «አንቲ» እያለች ትጠራቸዋለች። እሳቸው «አንቱ» ያለቻቸው እየመሰላቸው ደስ ይላቸዋል። ለንደን ውስጥ ማን አንቱ ይላቸዋል?

የኅዳር ብርድ በገባ ሰሞን ዴኪ ግድግዳዋ ላይ ፎቶ ስትሰቅል ደረሱ።

«ማነው?»

«አራተኛው ንጉሣችን። ስቴፕ ዳውን አደረጉ።»

ወረዱ ማለቷ ነው። እትዬ አልታየሽ ክው አሉ። እሳቸው የሚያውቁት የወረደ ንጉሥ አንድ ነው። ያኔ ልጅ ነበሩ። የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩት አባታቸው የንጉሡን ፎቶ አውርደው ፍራሽ ሥር ሸሸጉ። ቆይቶ አባትየውንም ወሰዷቸው፤ በዚያው ቀሩ። ማልቀስም ተከለከለ።

ቅዳሜ የዴኪ በር ሲከፈት ሲዘጋ ዋለ። ነጭ ጨርቅ ትከሻቸው ላይ ያጣፉ ወጣቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይገባሉ።

«ለቅሶ ነው!» አሉ እትዬ አልታየሽ ለራሳቸው። «ለቅሶ ያልደረሰ ምኑን ጎረቤት ሆነ? ይቺን በር ካጣሁ ማን አለኝ?»

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ዳቦ ይዘው ገቡ። ጥግ ይዘው ተቀመጡና እንባቸውን ለቀቁት።

«አንቲ! ምን ሆኑ?»

«እግዜር ያጽናሽ ልጄ። መቼ ነው የገደሏቸው?»

አንዱ ወጣት ሻዩ ትን አለው።

«ኧረ አልሞቱም! ዛሬ ልደታቸው ነው! ነጩም የክብር ልብሳችን ነው» አለች ዴኪ።

«ታዲያ ማን አወረዳቸው?»

«ራሳቸው።»

«በጤናቸው?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ አንዱ ሙዚቃ ከፈተ። ዴኪ አጠገባቸው ተቀምጣ አስረዳቻቸው። የንጉሡ አባት ገባርነትን አስቀርተው፣ ሸንጎ አቁመው፣ ትምህርት ቤት አስፋፉ። ልጅየው ደግሞ ሕገ መንግሥት ይጻፍ፣ ሕዝቡም ይምረጥ አሉና ከዓመታት በፊት፣ ገና በጉልበታቸው ሳሉ ዙፋኑን ለልጃቸው አስረከቡ።

«አያቴ አትተዉን ብላ አልቅሳለች» አለች ዴኪ። «እሳቸው ግን፣ ነገ ክፉ ንጉሥ ቢመጣስ ብለው ነው።»

ንጉሥ በገዛ እግሩ ይወርዳል? ተራራ ላይ ውሎ ሲመሽ ወደ ቤቱ እንደሚወርድ ሰው? እትዬ አልታየሽ ፎቶውን አፍጥጠው አዩት። ወዲያው እፍረት ወረራቸው፤ በሰው ልደት ቀን ለቅሶ ይዘው መጡ። ከእንግዲህ ይቺ ልጅ በምን ዓይን ታያቸዋለች? ሊነሡ ሞከሩ። እንባቸው ግን አልቆም አለ።

«አንቲ፣ ንጉሡ ደኅና ናቸው እኮ።»

«ሰማሁ ልጄ። ይሄ የአባቴ ነው። ለቅሶ አልተቀመጥንላቸውም።»

ዴኪ ሙዚቃውን አጠፋችው።

«እናንተ አገር እንዴት ነው የሚደረገው?»

«ምንም የለውም። አብሮ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው።»

ወጣቶቹ አንድ በአንድ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ታች መንገዱ ላይ አውቶቡስ አልፎ መስኮቱ ነዘረ።

«ስማቸው ማን ነበር?» አለች ዴኪ።

«ዓለምሰገድ።»

በዚህ አገር ሐኪም ቤቱም፣ ቢሮውም «ሚስ ዓለምሰገድ» እያለ ሲጠራቸው ኖሯል፤ ማንን እንደሚጠራ ሳያውቅ። ዴኪ ስሙን ቀስ ብላ ደገመችው። አፏ ውስጥ ተሰባበረባት። እትዬ አልታየሽ አላረሟትም።