በቁም የተነፋ ጥሩንባ

የቀበና እድራችን የሚያውቀን ስንሞት ብቻ ነበር። ይህን ስል የሚቆጡ አሉ፤ ይቆጡ።

እናቴ ወድቃ መራመድ ካቃታት ወዲህ ሁለት ክረምት ሙሉ ያገላበጥኳት፣ ያጠብኳትና ያጎረስኳት ብቻዬን ነኝ። የእሷ ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ እንጦጦ ወጥታ ጸበል መጠመቅ። ቃሬዛና ተሸካሚ እንዲሰጡኝ የእድሩን ዳኛ ለመንኳቸው።

«ቃሬዛው የሬሳ ነው። በቁም ሰው ላይ ማሟረት ይሆናል» አሉኝ።

ወንድሜ ከወንዙ ማዶ ነበር የሚኖረው። እሱማ ሁልጊዜ ሥራ ይበዛበታል።

የእድሩን ጥሩንባ ነፊ ምን ብዬ እንዳሳመንኩት ዛሬም አልናገርም። አንድ ማለዳ ጥሩንባውን ነፋና «እድርተኛ ሆይ! ከድልድዩ በላይ፣ ባልቴቷ ቤት ድረሱ!» ብሎ ጮኸ። ሞተች አላለም። ግን ማን አስጨርሶት!

በሩ ላይ ቆሜ መንገዱን አየሁ። መንደሩ ሁሉ ተነቅሎ መጣ! ወንዶቹ ድንኳንና ቃሬዛ ተሸክመዋል። የወንድሜ ሚስት ከሁሉም ቀድማ፣ ደረቷን እየደቃች ገባች።

«እናቴን! ሳልጦራት!»

እናቴ ነጭ ለብሳ፣ ትራስ ተደግፋ ስትጠብቃት ነበር።

«አልረፈደም ልጄ፤ ጡሪኝ» አለቻት።

ከዚያ አንዷ ጎረቤት ሳቋ አመለጣት፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ዳኛው ግን ጦፉ።

«በእድር ይቀለዳል እንዴ?»

«ቃሬዛውን አምጥተዋል አይደል?» አለቻቸው እናቴ። «ባዶውን አይመለስ። ለሬሳዬ ያሰባችሁትን ትከሻ ዛሬ ስጡኝ። ያን ቀን ብትቀሩ አልታዘባችሁም፤ አላይማ!»

የሳቀችው ጎረቤት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። «ወንዶቹ ከፈሩ እኛ እንሸከማለን!» ይሄኔ ወንዶቹ ተሻሙ። ወንድሜ ወደ በሩ ሲያፈገፍግ አየሁትና ክንዱን ያዝኩት።

«ወንድም ጋሼ፣ በቀብሯ ቀን ከፊት መቆምህ አይቀርም። ዛሬም ከፊት ያዝ።»

ሰው ሁሉ እያየው ነው። ያዘ።

በባሕር ዛፉ መሃል ሽቅብ ስንወጣ እልልታው ሸለቆውን ሞላው። እኔም እንደ ልጅ ከቃሬዛው ፊትና ኋላ እሮጥ ነበር። እናቴ ከላይ ሆና ወንድሜን ትቆጣዋለች።

«ቀስ በል አንተ! ሬሳ አይደለሁም፤ ያመኛል!»

ጸበሉ ሲወርድባት ከብርዱ የተነሳ ጮኸች፤ ከዚያም እስክታለቅስ ሳቀች። እግሯስ አልዳነም። ወንድሜ እስከ ዛሬ በየድግሱ «እናቴን እንጦጦ ድረስ ተሸከምኳት» ይላል። እውነቱን ነው። ማን እንዳስያዘው ግን አይናገርም።

ስንመለስ ደጃፍ ላይ፣ ገና ከቃሬዛው ሳትወርድ፣ እናቴ ሕዝቡን አየችና «ነገ እኔን የመጠበቅ ተራው የማን ነው?» አለች። ዓይኗ የወንድሜ ሚስት ላይ አረፈ። ያን ያህል ሰው ፊት «ሳልጦራት» ብላ አልቅሳ ምን ትመልስ?

በማግስቱ ገንፎ ይዛ መጣች። ከዚያ ወዲያ ጎረቤቶቹም ተራ ገቡ። እኔ ግን ገንፎው በመጣበት ማለዳ የሚታጠብ ልብሴን ተሸክሜ ወንዝ ወረድኩ። ሌሎቹ ሴቶች አጥበው፣ አድርቀው ሄዱ። እኔ አልቸኮልኩም።