ጦጣው ማሰሪያ ሲመርጥ

የሰፈሩ ሰው «ጦጣው» ይለዋል። ሥራው ዛፍ መከርከም ነው፤ ቦርጩን ላየ ግን ቅጽል ስሙ ፌዝ ይመስላል። እሱም አልጠፋውም። «ጦጣስ ነኝ፤ ያረገዘች ጦጣ» እያለ ሰው ሳይቀድመው በራሱ ይቀልዳል።

ዛፍ ላይ የሚወጣው በገመድ ነው፤ ከታች ገመዱን የምትይዝለት ሚስቱ ናት። ጠንካራ ቅርንጫፍ ላይ የናይለን ማሰሪያ ይጠመጥማል፣ ገመዱን በማሰሪያው ውስጥ ያሳልፋል፣ በዚያው ተንጠልጥሎ ይሠራል። ሚስቱ ጫፍና ጫፉ ላይ የብረት ቀለበት ያለው፣ አንዱ ቀለበት ትልቅ ሌላው ትንሽ የሆነ፣ ሌላ ማሰሪያ ከገዛችለት ሰነባብታለች። ገመዱ የሚሮጠው በብረቱ ውስጥ ስለሆነ ማሰሪያውን አይበላውም፤ ሥራ ሲያልቅም ከመሬት ሆኖ ስቦ ማውረድ ይቻላል። እሱ ግን «የለመድኩት ይሻለኛል» ብሎ ችላ አለው። እውነቱን ለመናገር፣ አጠቃቀሙ አልገባውም ነበር፤ መጠየቅ ደግሞ ሞቱ ነው።

አንድ ጠዋት ከረጢቱን ሲከፍት አሮጌውን ማሰሪያ ለሁለት ተቆርጦ አገኘው።

«ማነው የቆረጠው?»

«እኔ ነኝ፣ በወጥ ቤቱ መቀስ» አለች፣ ሳህን ማጠቧን ሳታቋርጥ። «ገመዱ አቃጥሎት ክር አክሏል። ሌላ እንደሱ ያለ ገዝተህ ከወጣህ ገመድ ያዥም አብረህ ፈልግ።»

ተቆጣ፣ ፎከረ። ፉከራው ሲያልቅበት ባለ ቀለበቱን ይዞ ተከትሏት ወጣ።

የዚያን ቀን ሥራቸው አንዲት ጡረተኛ መምህርት ግቢ ውስጥ ነበር። ገመዱ ያለ አንዳች ችግር ይሮጥለት ስለነበር ከርክሞ ሲወርድ ደረቱን ነፍቶ ነው። «እትዬ፣ አሁን ይመልከቱ» አለና የገመዱን አንድ ጫፍ ቋጥሮ በሌላው ሳበ። ቋጠሮው በትልቁ ቀለበት ማለፍ፣ ትንሹ ላይ መያዝ፣ ከዚያ ማሰሪያውን ይዞ መውረድ ነበረበት። እሱ የቋጠረው በትንሹ በኩል ነው። ቢስብ፣ ቢጎትት፣ ወይ ፍንክች።

«ምኑን ነው የምመለከተው?» አሉ መምህርቷ።

ከመሬት ይወርዳል የተባለውን ዕቃ ለማውረድ ጦጣው መሰላል ተውሶ፣ እያለከለከ፣ እንደገና ወጣ።

ሲወርድ ሚስቱን መሰላሉን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ቀና እንዳለች፣ ከንፈሯ ደርቆ አገኛት።

«ሁሌ እንዲህ ቀና ብለሽ ስታዪኝ ጉብዝናዬን የምታደንቂ ይመስለኝ ነበር» አላት እየሳቀ።

«አንተን?» አለች። «እኔ የማየው ማሰሪያውን ነበር። አሁን ተበጠሰ፣ አሁን ተበጠሰ እያልኩ።»

ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። ያን ሁሉ ዓመት በፍርሃቷ ሲኮራ በመኖሩ አፈረ። ገመዱን ጠቅልሎ ሲጨርስ ማሰሪያውን አቀበላት።

«እስቲ ቋጠሮው በየት በኩል እንደሆነ አሳዪኝ» አላት።