ከግራ ጆሮዬ ጀርባ

ግራ ጆሮዬ መምገል የጀመረው ኩታበር፣ ኢህአዴግ በገባ ሰሞን፣ ገና ሕፃን ሳለሁ ነው። ክረምት ሲገባ ይፈሳል፣ በጋ ሲሆን ይደርቃል። እናቴ ጤና አዳም ትወሽቅልኝ ነበር። አድጌ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ከተቀጠርኩ በኋላ ደግሞ በየክረምቱ ደሴ ሐኪም ቤት ወጥቼ አስጠርገው ነበር።

ኮሮና የመጣ ዓመት ቀጠሮዬ ቀረ። አስቸኳይ ካልሆነ አትምጡ ተባለ፤ የእኔ የለመድኩት ሕመም ነውና አስቸኳይ አልመሰለኝም። ትኩሳት ሲጀምረኝ ግን ፈራሁ። ፋብሪካው በር ላይ ግንባራችንን ይለኩን ነበር፤ ትኩሳት የተገኘበት ወደ ለይቶ ማቆያ ይወሰዳል። ስለዚህ ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቤ፣ ሳይደርቅ እገባ ነበር። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ። ኮሮና ቢሆንስ ኖሮ?

እነዚያ ቀናት እንደ ሕልም ናቸው። የማሽኑ ጩኸት ከሩቅ የሚወርድ ወንዝ ሆነብኝ። የጥጥ ብናኝ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ሲንሳፈፍ፣ እኔም አብሬው የምንሳፈፍ ይመስለኛል። ከጆሮዬ ጀርባ አብጦ የማስኩን ላስቲክ አላስነካ ሲለኝ፣ በክር አስረዝሜ ማጅራቴ ላይ አሰርኩት።

አንድ ጠዋት ሻይ ስንጠጣ፣ ቤት ተጋርታኝ የምትኖረው የሥራ ባልደረባዬ ትክ ብላ አየችኝ።

«ሻዩ በከንፈርሽ ጥግ እየፈሰሰ ነው። አይታወቅሽም?»

አልታወቀኝም። አገጬን ስነካው እርጥብ ነው። ሻሼን ገልጣ እብጠቱን አየችና ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ተነሽ፣ ደሴ እንሂድ።»

«ኮሮና ነው ብለው ቢያስቀሩኝስ?»

«ያስቀሩሽ። እኔም አብሬሽ እቀራለሁ።»

ሚኒባሱ ግማሽ ሰው ብቻ ጭኖ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ጉም ወርዶ ነበር። ከፍታው ቀኝ ጆሮዬን ጧ አድርጎ ከፈተው፤ ግራው እንደተደፈነ ቀረ። ሰው መጨባበጥ በተወበት በዚያ ወቅት፣ እሷ መንገዱን ሁሉ እጄን ይዛ ነበር።

ሐኪሙ ሲያየኝ፣ «እስከዚህ ድረስ ለምን ቆየሽ?» አለኝ።

«ኮሮና ትሉኛላችሁ ብዬ።»

አልተቆጣኝም። «ዘንድሮ እንዳንቺ ፈርተው፣ ከጆሯቸው ጀርባ ያለው አጥንት ከመገለ በኋላ የመጡ ሌሎችም አሉ» አለ። «የፊትሽን ነርቭ ይዞታል። ወደ አንጎልሽ ሳያልፍ ዛሬውኑ መከፈት አለበት።»

ከፍተው መግሉን አወጡልኝ። የተጣመመው አፌ ወራት ቢፈጅበትም ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ተመለሰ። ግራ ጆሮዬ ግን ከዚያ ወዲህ አይሰማም።

ከሐኪም ቤት የወጣሁ ለት፣ ወደ ኮምቦልቻ ስንመለስ ባልደረባዬ በግራዬ ተቀምጣ ነበር። እኔ የሐረጎን ባሕር ዛፎች በመስኮት እያየሁ፣ ሁሉም ነገር ጸጥ ብሎልኝ ወረድኩ። ከሚኒባሱ ስንወርድ፣

«ያን ሁሉ ሳወራሽ ምነው ዝም አልሽኝ?» አለችኝ።

እንዳልሰማኋት ነገርኳት። በቀኜ በኩል ዞራ፣ ወደ ቤት እየሄድን ወሬዋን ከመጀመሪያው ጀመረችልኝ።