ሰላም የማይል በራሪ

እኔ ፈሪ ነኝ፤ ከማንም አልደብቅም። በዚያ ዘመን ነገሌ ውስጥ የማይፈራ ነበር ከተባለ ወይ የቀበሌ ሊቀመንበር ነው ወይ አህያ። አህያዋም ብትሆን አብዮት ጥበቃዎች ሲያልፉ ጆሮዋን ትጥል ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ወልጄ ካሳደግሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስሜን መጻፍ ቻልኩና የምስክር ወረቀት ሰጡኝ፤ ከዚያ ወዲህ ስሜ የሚጻፍበትን ወረቀት ሁሉ እንደ እባብ ስሸሽ ኖርኩ። ስብሰባ ላይ መቀመጫዬ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነው። ሰው እጁን ሲያወጣ አወጣለሁ፣ ሲያወርድ አወርዳለሁ። ለምን እንዳወጣሁ ልጄን የምጠይቃት ቤት ገብቼ ነው።

ያለችኝ ያቺው አንዲት ልጅ ናት። ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበረች። እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ትጠጣዋለች፣ ምላሷ ምላጭ ነው። ደግሞ ሰው ማስመሰል ትወዳለች። ሊቀመንበራችን ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን ሳይጠርግ አይናገርም፣ መናገር ከጀመረ ደግሞ "ከዚህ አኳያ" ሳይል አያባራም። እሷ ጓዳ ሆና ድምፁን ስታወጣ እኔ የእውነት የመጣ መስሎኝ ነጠላዬን አስተካክል ነበር። የጎረቤቴ ወንድም በዚሁ "ከዚህ አኳያ" ቀልዶ ሦስት ሳምንት ቀበሌ ታስሯል። ከወጣ በኋላ ሲስቅ ያየው የለም። ይህን እያሰብኩ "ልጄ፣ አፍሽን" እላታለሁ። "እሺ እማዬ" ትለኛለች። እሺ ማለት መቼ ያስቸግራታል።

ቪዲዮ የሚባለውን ነገር ሰፈራችን ያስገቡት ሐጂ ናቸው። ሱቃቸው ከቤቴ ፊት ለፊት ነው። ማጫወቻው ዴክ ከጠረፍ ከዶሎ በሩዝ ጆንያ ውስጥ ተቀብሮ ስለመጣ መጀመሪያ ሰሞን ሲያጫውት ጥርሱን ያፋጭ ነበር፤ ሆዱ ውስጥ ሩዝ ቀርቶ ነው። አብሮት የመጣው ካሴት አንድ ብቻ፤ የአንድ በራሪ ሰው ፊልም። ከጆንያው ሩዝ ጥቂቱ ወደ ሊቀመንበሩ ቤት ሄደ፣ የማሳያ ፈቃድ ወደ ሐጂ መጋዘን መጣ። ፈቃዱ ግን ጭራ ነበረው፤ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሁሉ ውይይት ይደረጋል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። የሰርግ ዘፈን ብቻ ነበር ያለ ቃለ ጉባኤ የቀረን።

እሑድ ከሰዓት ነው። የመጋዘኑ መስኮት በብርድ ልብስ ተጋርዷል፣ ጄኔሬተሩ ውጭ ያጓራል። ፊት ወንበር ላይ ሊቀመንበሩና ጸሐፊው፣ ከኋላ ጆንያ ላይ እኛ። ከእኔ አጠገብ ከብት ሊሸጡ ገበያ የመጡ አንድ የቦረና ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከምስሉ ግርጌ በዓረብኛ የሚጻፈውን ሐጂ ጮክ ብለው ያነባሉ፤ "ምን ማለት ነው ሐጂ?" ሲባሉ "ከባድ ነው" ይላሉ። ስለዚህ የምትተረጉመው ልጄ ሆነች፤ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆማ።

በራሪው መጣ። ጠባብ ሱሪ ለብሷል፣ የውስጡን ከላይ አድርጎታል፣ ጀርባው ላይ ቀይ ጨርቅ አንጠልጥሏል።

"ቸኩሎ ነው የለበሰው፤ ቤት ተቃጥሎበት ይሆናል" አለ አንዱ።

"ጨርቁ ግን ደህና ነው" አሉ ሐጂ፣ "ሁለት ቀሚስ ይወጣዋል።"

በራሪው የጭነት መኪና በአንድ እጁ አነሳ። ሽማግሌው ምላሳቸውን ጠጠጥ አደረጉ። "ይህን መኪና ለምን ያነሳል? ነጂው ያንቀሳቅሰው የለ? ጉልበት ካለው ኤላ ውስጥ ይግባልን!" ኤላ የሚሉት የቦረናን ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ነው፤ ወንዶች ከታች እስከ ላይ ተደራርበው፣ እየዘፈኑ ውሃ የሚያቀባብሉበት። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ከሰማይ በወረደ ቁጥር ሽማግሌው በጆሮዬ "ናጋ አላለም" ይላሉ፤ ሰላም አላለም ማለታቸው ነው። ደግሞ ይወርዳል። "አሁንም ናጋ አላለም።" እኔ ልብ አላልኳቸውም፤ ዓይኔ ከልጄ አልተነቀለም።

ክፉው ሰውዬ ወጣ። ጥቁር መነጽር አድርጓል፣ ከተማ ሊያጠፋ ነው፤ ግን ከማጥፋቱ በፊት ያወራል፣ ያወራል። ልጄ ጉሮሮዋን አንድ ጊዜ ጠረገች። ሁለት። ሦስት ስትል ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ።

"ከዚህ አኳያ" አለች ድምፅዋን አወፍራ፣ "ከተማዋን ማጥፋት ከበላይ የመጣ መመሪያ ነው። ተቃውሞ ያለው? የለም! በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!"

መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ። ጸሐፊው ሊስቅ ጀመረና እንደ ትኩስ ድንች ዋጠው። እኔ የማየው የሊቀመንበሩን ማጅራት ብቻ ነበር። ማጅራቱ አልሳቀም።

ፊልሙ አለቀና ብርድ ልብሱ ተነሳ። ሊቀመንበሩ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሕዝቡ ከንፈሩን ነክሶ እስከ ሦስት ቆጠረ።

"ጓዶች፣ በፊልሙ ላይ አስተያየት።"

ሐጂ ተነሱ። "ጥሩ ፊልም ነው። ኢምፔሪያሊዝም ይውደም" ብለው ተቀመጡ። አንድ ሾፌር እጁን አውጥቶ "ይህ ሰው ያለ ይለፍ ወረቀት ነው እንዴ የሚበረው? እኛ ፊልቱ ለመድረስ ስንት ኬላ ላይ እንወርዳለን" ሲል ሊቀመንበሩ "ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ይያዝ" አለ። ጸሐፊው ያዘው።

"የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው" አለ ሊቀመንበሩ ቀጥሎ። "የባሕር ማዶ ሰው 'ከዚህ አኳያ' ብሎ ይናገራል ወይ? ተርጓሚዋ ወደ ፊት ትምጣና ታስረዳን።"

ልጄ አገጯን ቀና አደረገች። ያንን አገጭ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣው መልስ አስቂኝ ነው፣ ከመልሱ በኋላ የሚመጣው ደግሞ ሦስት ሳምንት ነው። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም።

"እኔ ሂስ አለኝ!" አልኩ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ሊቀመንበሩ ራሱ ደነገጠ፤ ድምፅ እንዳለኝም አያውቅም ነበር። "ይናገሩ፣ እናት" አለ።

ይናገሩ ይለኛል፤ ምን አለኝና! ራሴ ባዶ እንስራ ነው። ዞር ስል ሽማግሌውን አየሁ።

"ይህ ሰውዬ ሰላም አይልም!" ብዬ ጮኽኩ። "ከሰማይ ይወርዳል፣ ሰው ቤት ዘው ይላል፣ አካም አይል፣ ናጋ አይል! እዚህ አገር ሌባ እንኳ በቀን ከገባ ከብቱ ደህና ነው ወይ ብሎ ነው። ልጅቷ ምን ታድርግ? ሰላምታ የሌለበት ፊልም ጎዶሎ ነው። ጎዶሎውን ልሙላ ስትል የምታውቀውን ትልቅ ንግግር ጨመረችበት። ትልቅ ንግግር ደግሞ ከእርስዎ በቀር ከማን ሰምታ ታውቃለች?"

ሰደብኩት ይሁን አመሰገንኩት እኔም አልገባኝ፣ እሱም አልገባው። ያዳነኝ ያ አለመግባቱ ነው። እሱ ሲያስብ ሽማግሌው በዱላቸው መሬቱን መቱ።

"ዱጋ! እውነቷን ነው! ናጋ ሳይጠይቅ የሚያልፍ ሰው ጠላት ነው። እኔ ከመጀመሪያው ብያለሁ!"

ከዚያ ማን ያቁመው። አንዱ የሚወርደው ነው ቀድሞ ሰላም የሚል አለ። ሌላው የለም፣ አየር ላይ ሆኖ ሰላምታ አይቆጠርም፣ እግሩ መሬት ሲነካ ነው አለ። ሐጂ በፈረስ የመጣ እግረኛውን ቀድሞ ሰላም እንደሚል አነሱና በራሪ ከፈረሰኛ ጋር ይመደብ ተባለ። መንግሥት በሰላም አውሎ ያሳድረንና፣ ስለ ማዳበሪያም ስለ መዋጮም ያን ያህል ከልቡ የተወያየ ሕዝብ አላየሁም። በመጨረሻ ጸሐፊው ውሳኔውን አነበበ፤ በራሪው የሰፊውን ሕዝብ ባህል ያላከበረ ስለሆነ ወደፊት በሚደረግ ትርጉም ሰላምታ በተገቢው ቦታ ሁሉ እንዲገባ። ሊቀመንበሩ ፈረመ፣ ማኅተሙን እፍ ብሎ አተመ።

በሩ ላይ ግን ልጄን አስቆማት። "በሚመጣው እሑድ ከአውራጃ እንግዶች አሉ። የምትተረጉሚው አንቺ ነሽ። አንዲት ቃል ብታልፊ፣ እዚያው ነኝ።"

ያን ሳምንት እህል በአፌ አልዞረም። ቦሬ ከተማ እህቴ ጋ ልላካት አልኩ፤ ሸሸች ይሉና ለእህቴም ይተርፋታል ብዬ ተውኩት። እሑድ ጠዋት ሁለት እጇን ያዝኩ።

"ከሰላምታ በቀር ከአፍሽ ምንም እንዳይወጣ።"

"ከሰላምታ በቀር?"

"ከሰላምታ በቀር!"

"እሺ እማዬ።" ያን ቀን እሺታዋ እውነት ነበር።

እንግዶቹ ሦስት ናቸው፤ ፊት ተቀመጡ። ልጄ እጇን አጣምራ ቆመች። በራሪው ወረደ። "አካም፣ ናጋ? ይላል" አለች። ሽማግሌው ከብታቸውን ሸጠው ሳይሄዱ ይህንኑ ሊያዩ ቀርተው ነበርና "አሁን ሰው ሆነ!" አሉ። ክፉው ሰውዬ መነጽሩን አስተካክሎ ረጅሙን ንግግር ጀመረ። ጠረጴዛ ይደበድባል። ልጄ ዝም ብላ አስጨርሳው፣ "ከብቶቹ ደህና ናቸው? ይላል" አለች። አንዲት ሴት ከፎቅ ላይ ተንጠልጥላ ትጮኻለች። "ልጆቹስ? ትላለች።" ከተማው በእሳት ተያያዘ፣ ክፉው ሰውዬ እየሳቀ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀሰረ። "ዝናቡስ እንዴት ነው? ይላል።"

ሰው ከጆንያ ላይ እየተንከባለለ ነው። ከእንግዶቹ ትልቁ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። "ይህች ልጅ ምን እያለች ነው፣ ጓድ?"

ሊቀመንበሩ ወደ ጸሐፊው ዞረ። ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ ነበርና ቆሞ ውሳኔውን ከነቁጥሩ፣ ከነቀኑ አነበበው። ማኅተሙንም አሳየ።

"የአንተ ፊርማ ነው?"

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። አንድ። ሁለት። ሦስት። "ከዚህ አኳያ..."

ቀድሞ የሳቀው ማን እንደሆነ ኋላ ብዙ ተወራ። ሐጂ ናቸው ያሉ አሉ፣ እንግዳው ራሱ ነው ያሉም አሉ። እኔ ነበርኩ። ማን ሳቀ፣ ማን እጁን አወጣ ሳልል፣ ነጠላዬን አፌ ላይ ሳላደርግ ሳቅሁ። እንግዳውም ተከተለኝ፤ እሱ ከሳቀ በኋላ ሊቀመንበሩም መሳቅ ግዴታው ሆነና በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ልጄን ማንም አልጠራትም። ውሳኔ አከበርሽ፣ ሰላም አልሽ ብለው በምን ይጥሯት? ቢሆንም ያን ቀን እንኳ ሳቄን ሳልጨርስ ዘወር ብዬ በሩን አየሁት። ክፍት ነበር። ከዚያ የቀረውን ሳቅሁ።